ፒያኒስቱን ፍለጋ፦ ከፖዝናን እስከ ኮንሽና ዶልና

የኢግናሲ ያን ፓዴሬቭስኪን ስም ያወቅሁት ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ጠርዙ ያለቀ የፖላንዳዊው የሙዚቃ ደራሲ የሾፓን የኖታ ጥራዝ ነበረን፤ ሽፋኑ ላይ ከአዘጋጆቹ ሁሉ ቀድሞ የተጻፈው የሱ ስም ነው። ያ ዝግጅት መታተም የጀመረው በ1949 ሲሆን ፓዴሬቭስኪ ካረፈ ስምንት ዓመት አልፎት እንደነበር የተረዳሁት በኋላ ነው። የኖታ ሊቅ ብቻ ይመስለኝ የነበረው ሰው በዘመኑ ከዓለም ዝነኛ ፒያኒስቶች አንዱ እንደነበረ፣ ከዚያም የፖላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተደረገውን የቬርሳይን ውል እንደፈረመ ሳነብ ታሪኩ ከልቤ አልወጣ አለ። ከፒያኖ ወንበር ተነስቶ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ ሌላ ሰው አላውቅም።

የምኖረው በርሊን ነው፤ ሥራዬም ልጆችን ፒያኖ ማስተማር ነው። ሰኔ ላይ እረፍት ሳገኝ ፖላንድ ውስጥ እሱ ያለፈባቸውን ቦታዎች ተከትዬ ዞርኩ። ፖላንዳውያን ስለ ፖለቲከኛው ብዙ እንደሚነግሩኝ ጠብቄያለሁ፤ እኔ የምፈልገው ግን ፒያኒስቱን ነበር። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሐሙስ፦ ፖዝናን

ከበርሊን ፖዝናን በባቡር ሦስት ሰዓት አይሞላም። ቀደም ብዬ ስለገዛሁት ትኬቱ 30 ዩሮ ገደማ ነው የወጣብኝ። ጣቢያው ውስጥ 100 ዩሮ ስመነዝር 402 ዝሎቲ ሰጡኝ፤ መሃል ከተማ ገብቼ ባይ ምንዛሪው 424 ኖሯል። የሚሄድ ሰው ጣቢያ ላይ ለሻይ የሚሆነውን ያህል ብቻ መንዝሮ ይለፍ።

ያረፍኩት ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ቤት ነው፤ ለአዳር 150 ዝሎቲ። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ምሳ አቀረቡልኝ። ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች፣ ከጎኑ በሽንኩርት፣ በቀጫጭን አረንጓዴ ቅጠልና በክሬም የተለወሰ አይብ። የፖዝናን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚበላው ይህንን ነው አሉኝ። አይቡ ከኛው አይብ ብዙም አይለይም፤ የጎደለው ሚጥሚጣ ብቻ ነው። ሁለተኛ ሳህን አልወስድም ብል አልሰሙኝም።

ከሰዓት በኋላ ባዛር ሆቴል ሄድኩ። ሕንፃውን የሠሩት በ1838 እና በ1842 መካከል፣ ከተማዋ በጀርመናዊቷ ፕሩሺያ እጅ ሳለች፣ ፖላንዳውያን ነጋዴዎችና ባለርስቶች አክሲዮን አዋጥተው ነው። ያኔ ፖላንድ የሚባል አገር ካርታ ላይ የለም፤ ራሺያ፣ ፕሩሺያና ኦስትሪያ ተከፋፍለውት ነበር። ዲሴምበር 26 ቀን 1918 ምሽት ፓዴሬቭስኪ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ግዳንስክ ወርዶ እዚህ ደረሰ። ጀርመኖች እንዳያልፍ ሊከለክሉት ሞክረው ነበር። ሕዝቡ ችቦ ይዞ ጠበቀው፤ እሱም ከሆቴሉ ሆኖ ንግግር አደረገ። በማግስቱ ልጆች ባንዲራ ይዘው በመስኮቱ ሥር አለፉ፤ ከሰዓት በኋላ ተኩስ ተከፈተ። የታላቋ ፖላንድ አመፅ የሚሉት ያ ነው፤ እስከ ፌብሩዋሪ 1919 አጋማሽ ቆይቶ አካባቢው ለአዲሲቷ ፖላንድ ተረፈ።

ግድግዳው ላይ ስሙ ያለበት ሰሌዳ አለ። ከሆቴሉ ጎን ወደ አሮጌው ገበያ የሚወርደው መንገድም በስሙ ነው የሚጠራው። አደባባዩ ላይ፣ በቀድሞው የዘብ ቤት ውስጥ፣ የአመፁ ሙዚየም አለ፤ ጠመንጃው፣ የደንብ ልብሱ፣ የክንድ ጨርቁ ተደርድሯል። ሰውዬው ግን ባለ ኮፍያ፣ ባለ ረጅም ካፖርት የአገር መሪ ሆኖ ነው የሚታየው። ወደ ፒያኖ የሚወስድ ነገር እዚያ አላገኘሁም።

ወደ ቤት ስመለስ ሮጋል የሚሉትን የጨረቃ ቅርጽ ያለው ኬክ ገዛሁ፤ 17 ዝሎቲ። ውስጡ ነጭ የፖፒ ፍሬና ለውዝ ነው። ለቅዱስ ማርቲን በዓል፣ ኖቬምበር 11 ቀን የሚበላ ሲሆን ፖዝናን ውስጥ ግን ዓመቱን ሙሉ ይገኛል። ክብደቱ ከ150 እስከ 250 ግራም መሆን አለበት፣ አለበለዚያ በዚያ ስም አይሸጥም። አንዱ ለእራት በቃኝ። ባለቤትየዋን ፓዴሬቭስኪ ሲጫወት የተቀረጸውን ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ነፃ ያወጣን ሰው ነው» አሉኝ። ሲጫወት ሰምተውት አያውቁም።

ዓርብ፦ ሜዳ ላይ፣ ከዚያ ዋርሶ

ባቡሩ ኩትኖ ሳይደርስ እርሻ መሃል ቆመ። ነፋስ የጣለው ዛፍ ከፊታችን የኤሌክትሪክ ሽቦ በጥሷል ተባለ። ማቀዝቀዣው ጠፋ፤ መስኮቱ የሚከፈት ዓይነት አይደለም። ከሁለት ሰዓት በላይ እዚያው ተቀመጥን። የባቡሩ ሠራተኞች ውሃ አደሉን። ከጎኔ የነበሩት ባልና ሚስት ቼሪ የሞላበት ከረጢት ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ የሰፈሩበት ክፍል በሙሉ ከዚያ በላ።

ያንን ሰዓት የያዝኩትን የሕይወት ታሪኩን በማንበብ አሳለፍኩት። ፓዴሬቭስኪ የተወለደው በ1860፣ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ባለው በፖዶሊያ፣ ኩሪዎፍካ የምትባል መንደር ነው። እናቱ እሱን ወልዳ ብዙም አልቆየችም። አባቱ የባለርስት መሬት አስተዳዳሪ ነበር፤ ፖላንዳውያን በራሺያ ላይ ካነሡት ከ1863ቱ አመፅ በኋላ የራሺያ ወታደሮች መጥተው አሠሩት፤ ልጁ አክስቱ ዘንድ ቆየ። በ1872፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ዋርሶ ኮንሰርቫቶሪ ገባ። እዚያም ፒያኖ አይሆንልህም ብለው ትሮምቦን እንዲነፋ የመከሩት መምህራን ነበሩ። በ1878 ተመረቀ፤ በ1880 አገባ፤ ሚስቱ አንቶኒና ወንድ ልጅ ወልዳ ወዲያው አረፈች፤ ልጁም ዕድሜውን ሙሉ በሽተኛ ሆኖ በ1901 ሞተ።

ቪየና፣ ትልቁ መምህር ቴዎዶር ሌሸቲትስኪ ዘንድ የሄደው በ1884 ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሌሎች ፒያኒስቶች በዚያ ዕድሜ የዓለምን መድረኮች ዞረው ጨርሰዋል። እሱ ግን ለልጅ ወደሚሰጠው የጣት ልምምድ፣ ወደ ቼርኒ ተመለሰ። በ1888 ፓሪስ፣ በ1890 ለንደን፣ በኖቬምበር 1891 ኒውዮርክ ካርኔጊ ሆል ተጫወተ። በዚያ የመጀመሪያ የአሜሪካ ጉዞው ከመቶ በላይ ኮንሰርት ሰጠ፤ መሃል ላይ የቀኝ እጁ ቀለበት ጣት ተጎዳ፤ የጣት አጣጣሉን ለውጦ በተቀሩት ጣቶች መጫወቱን ቀጠለ።

እኔ ዘንድ የሚመጡ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ልጄ አሥር ዓመት ሆኖታል፣ አልረፈደበትም?» እዚያ የቆመ ባቡር ውስጥ ይህን ሳነብ እነሱን አሰብኩ። ስለ ፓዴሬቭስኪ ስጦታ ሲወራ የሚዘለለው ይኼኛው ዘመን ነው፤ ሚስቱን ቀብሮ፣ የታመመ ልጅ ለዘመድ ትቶ፣ ከልጆች ጋር እኩል ስኬል የሠራበት። በኋላ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን ዘንድ ያስገባውን ዝና ያገኘው ከዚያ ወንበር ነው ብዬ አምናለሁ።

ዋርሶ ስንገባ ዋርሶ የሚማረው የእህቴ ልጅ ጣቢያ ላይ ሲጠብቀኝ ውሎ ነበር። «ጋሼ፣ መጀመሪያ እህል ይቅመሱ» ብሎ በቀጥታ ባር ምሌችኒ ወሰደኝ፤ ከድሮው መንግሥት ዘመን የቀሩ፣ ተማሪና ጡረተኛ የሚበላባቸው ርካሽ ምግብ ቤቶች ናቸው። ሰልፍ ይዞ መክፈል፣ ደረሰኙን በመስኮት መስጠት፣ ስም ሲጠራ ሳህን መቀበል ነው። ዓርብ ስለሆነ ሥጋና ወተት የሌለበት ፈለግን፤ ጥቅል ጎመንና እንጉዳይ የተሞላ ፒየሮጊ፣ የቀይ ሥር ሾርባ፣ የፍራፍሬ ኮምፖት። ለሁለት ሰው 58 ዝሎቲ። ፖላንዳውያንም ዓርብ ሥጋ የማይበሉ ብዙ ናቸውና ከኋላችን የነበሩት አሮጊት ያዘዙት ያንኑ ነው። የጾም ነገር ማስረዳት ያላስፈለገኝ ብቸኛው የአውሮፓ ከተማ ይኼ ነው።

ቅዳሜ፦ ዋርሶ

ብሪስቶል ሆቴል ቁርስ መብላት ከአቅሜ በላይ ነው፤ አንድ ቡና ግን ጠጣሁ፤ 24 ዝሎቲ። ሆቴሉ በ1901 ሲከፈት ከዋና ባለአክሲዮኖቹ አንዱ ፓዴሬቭስኪ ነበር፤ ገንዘቡ ከኮንሰርት የመጣ ነው። በጃንዋሪ 1919 ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆንም መኖሪያው እዚሁ ሆነ፤ ካቢኔውም እዚሁ ተሰበሰበ። ጁን 28 ቀን 1919 ከፖለቲከኛው ሮማን ድሞቭስኪ ጋር ቬርሳይ ላይ ፈረመ፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሥልጣኑን ለቀቀ። አስተናጋጁ ልጅ ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ሆቴሉ ውስጥ ይጫወት እንደነበር ስጠይቀው ፈገግ ብሎ ሥራ አስኪያጁን ልጠይቅ ብሎኝ ሄደ፤ ሲመለስ ግን ሒሳቡን ነው ያመጣልኝ።

ከዚያ በእግር ወደ አሮጌው ከተማ፣ ወደ ቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል። በ1944 ፈራርሶ እንደገና የተሠራ ነው። ከሥሩ ያለው መቃብር ቤት ለመግባት ጥቂት ዝሎቲ ይከፈላል። ደረጃው ጠባብ ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ። ፓዴሬቭስኪ ጁን 29 ቀን 1941 ኒውዮርክ ላይ በሰማንያ ዓመቱ አረፈ፤ አገሩ በናዚ ጀርመን እጅ ስለነበረች ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አርሊንግተን መቃብር እንዲቆይ ፈቀዱ። የቆየው እስከ 1992 ነው። ሬሳው ወደዚህ ሲመጣ የፖላንድና የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ሌክ ዋሌንሳና ጆርጅ ቡሽ አብረው ሥርዓቱን ተከታትለዋል። እዚያው ሥር ጸሐፊው ሄንሪክ ሺየንኪየቪችም አለ። ሁለቱ በ1915 ስዊዘርላንድ፣ ቬቬ ላይ ለጦርነቱ ተጎጂዎች የእርዳታ ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። ፓዴሬቭስኪ ከዚያ አሜሪካ ተሻግሮ ከተማ ለከተማ እየዞረ፣ መጀመሪያ ስለ ፖላንድ ይናገራል፣ ቀጥሎ ሾፓንን ይጫወታል። በጃንዋሪ 1918 ዊልሰን ካወጣቸው አሥራ አራት ነጥቦች አሥራ ሦስተኛው ነፃ ፖላንድ የምትል ሆነች።

ልቡ ግን እዚህ የለም። አሜሪካ ቀርቷል፤ ፔንሲልቬኒያ፣ ዶይልስታውን ባለው የቼንስቶሆቫ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን። ከካቴድራሉ ወጥቼ ወደ መጣሁበት መንገድ ስመለስ ቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ገባሁ፤ እዚያ ግራ በኩል ባለው ዓምድ ውስጥ የሾፓን ልብ አለ፤ እህቱ ሉድቪካ ከፓሪስ ያመጣችው። የሾፓን ሥጋ ፓሪስ፣ ልቡ ዋርሶ፤ የፓዴሬቭስኪ ሥጋ ዋርሶ፣ ልቡ አሜሪካ። ዓምዱ ሥር ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ስደተኛ ሰው ይህን ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም።

ማታ የእህቴ ልጅ ቤት ሽሮ ሠርተን ስንበላ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ሙዚቃ ከፈተ። እሳቸውን ካይሮ ቫዮሊንና ፒያኖ ያስተማራቸው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ፖላንዳዊ የቫዮሊን ተጫዋች እንደነበር፣ በኋላም አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ጓድ እንደመራ ነገርኩት። አያውቅም ነበር። ከዚያ የፓዴሬቭስኪን ቅጂዎች አሰማሁት። ከ1911 ጀምሮ የተቀረጹ ናቸው፤ ጫጫታ አለባቸው። ግራ እጁ ትንሽ ቀድሞ ያርፋል፣ የቀኝ እጁ ዜማ ዘግይቶ ይመጣል። ልጁ በጥሞና ሰምቶ «ጋሼ፣ ሁለቱ እጆቹ አልተስማሙም እንዴ?» አለኝ።

ዛሬ አንድ ተማሪ እንዲህ ቢጫወት ፈተና ይወድቃል። የኔም የመጀመሪያ ስሜት የልጁ ዓይነት ነበር። ነገር ግን ግራ እጁ ላይ ብቻ ካተኮራችሁ ምቱ የጸና ነው፤ ዜማው ነው ከላይ የሚንሳፈፈው። የዘመኑ ፒያኒስቶች ብዙዎቹ እንዲህ ይጫወቱ ነበር፤ እሱ ግን ከሁሉም በላይ አብዝቶታል። አንዳንዱ ቅጂ ላይ እጁ ማርጀቱ ይሰማል፤ ከፖለቲካ ወጥቶ በ1922 ወደ መድረክ ሲመለስ ስድሳውን አልፎ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች መስማት ይሻላል።

እሑድ፦ ዋዜንኪ

ከግንቦት እስከ መስከረም በየእሑዱ፣ እኩለ ቀን ላይና በአሥር ሰዓት፣ ዋዜንኪ ፓርክ ውስጥ የሾፓን ኮንሰርት አለ። በነፃ ነው። ከ1959 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየ ነው። ሐውልቱን ጀርመኖች በ1940 አፈንድተውት ነበር፤ በ1958 እንደገና ቆመ። ሰው ሣሩ ላይ ጨርቅ ዘርግቶ፣ ልጁን አስተኝቶ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያዳምጣል። ማዙርካ፣ በሦስት ምት የሚሄደው የፖላንድ ጭፈራ፣ ሲጀመር ከኋላዬ የነበሩ ሽማግሌ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ አብረው ይመቱ ነበር፤ ሦስተኛውን ምት ጠንከር አድርገው፣ ልክ መምታት እንዳለበት። በርሊን ውስጥ ለተማሪዎቼ ያንን ምት ለማስያዝ ስንት ወር ይፈጅብኛል።

ሲያልቅ አጠገቡ ወዳለው ኡያዝዶቭ ፓርክ ተሻገርን። የፓዴሬቭስኪ ሐውልት እዚያ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ፒያኖ የለውም። ዙሪያውን ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። ሾፓን ዘንድ ሺህ ሰው ጥለን መጥተን እሱ ዘንድ እኛ ብቻ ነበርን። ይህ ቅር አሰኝቶኛል። ከኮንሰርቱ ፕሮግራምም አንድም የሱ ድርሰት አልነበረበትም፤ ሲምፎኒ የጻፈ፣ ማንሩ የተባለው ኦፔራው በ1902 ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የታየለት ሰው ነው።

ሰኞ፦ ክራኮቭ

ክራኮቭ ከዋርሶ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። የተከራየሁት ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አገኘሁት። የቤቱ ባለቤት ተደናግጦ ስልክ ደወለ፤ ጥቂት ቆይቶ እናቱ ቤት ላከኝ፤ በትራም ሩብ ሰዓት፣ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ። ገንዘቡን ግማሹን መለሰልኝ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ኋላ ግን እዚያ መድረሴ ለኔ ሆነ።

መጀመሪያ ግን ሐውልቱ። ከጣቢያው ብዙ የማይርቀው ማቴይኮ አደባባይ ላይ የግሩንቫልድ ሐውልት ቆሟል፤ ንጉሥ ያጊየዎ በፈረስ ከላይ፣ የተሸነፈው የጀርመን ባላባቶች አዛዥ ከታች ወድቆ። በ1410 የተደረገውን ጦርነት አምስት መቶኛ ዓመት ለማክበር ጁላይ 15 ቀን 1910 ተመረቀ። ወጪውን የሸፈነው ፓዴሬቭስኪ ነው፤ ቀራጩን አንቶኒ ቪቩልስኪንም የመረጠው እሱ ነው። ክራኮቭ ያኔ በኦስትሪያ ሥር ነች። የሌላ መንግሥት ግዛት ውስጥ፣ የሌለ አገር ድል፣ በፒያኖ ገቢ ተገንብቶ ቆመ። በ1939 ጀርመኖች እንደገቡ አፈረሱት። ፖላንዳውያን በ1976 መልሰው ሠሩት። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት አንስቶ እንደቀበረው፣ ከድል በኋላም ወደ ቦታው እንደተመለሰ እያሰብኩ ዙሪያውን ዞርኩት። ወራሪ መጀመሪያ የሚነካው ፈረስ ላይ ያለውን ንጉሥ ነው።

ከአደባባዩ ጥግ ከጋሪ ላይ ኦብቫዣኔክ ገዛሁ፤ እንደ ቀለበት የተጠመዘዘ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ፤ 3 ዝሎቲ ከ50። ትኩስ ከሆነ ሌላ ቁርስ አያስፈልግም። ክራኮቭ ለፓዴሬቭስኪ ሌላም ባለውለታ ናት። በ1884 ዝነኛዋ ተዋናይት ሄለና ሞጄየቭስካ እዚህ ከሱ ጋር መድረክ ላይ ወጥታ ግጥም አነበበች፤ ሰው የመጣው እሷን ሊያይ ነው፤ ገቢው ግን እሱን ቪየና ላከው።

ማታ አራተኛ ፎቅ ስደርስ ባለቤትየዋ የቲማቲም ሾርባ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። የምንግባባው በስልክ ተርጓሚ ነበር። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ስልኩን ወደ ጎን ገፋ አደረጉና በጉሮሯቸው ዜማ ጀመሩ። በጂ ሜጀር የተጻፈው ሚኑዌት፣ የድሮ ጭፈራ ዜማ፣ ነው፤ ኦፐስ 14 ቁጥር 1፣ ፓዴሬቭስኪ ከጻፈው ሁሉ ዓለም የሚያውቀው። ልጅ ሳሉ አባታቸው ቤት በነበረ ፒያኖ ይጫወቱት ነበር። መሃሉ ላይ ያለችው ፈጣን ማስጌጫ ስትደርስ ጣታቸውን አየር ላይ አወዛወዙና እዚያ ጋ ሁልጊዜ ይሰናከሉ እንደነበር በምልክት አሳዩኝ። ተማሪዎቼም የሚሰናከሉት እዚያው ላይ ነው። ፖላንድ ከገባሁ ጀምሮ ስለ ሙዚቃው ያወራኝ የመጀመሪያ ሰው እሳቸው ናቸው።

ማክሰኞ፦ ኮንሽና ዶልና

ፓዴሬቭስኪ ብዙ ቤት ነበረው። ዋናው ስዊዘርላንድ፣ ሞርዥ አጠገብ ያለው ሪዮን ቦሶን በ1965 ፈርሷል። ካሊፎርኒያ፣ ፓሶ ሮብልስ ላይ የወይን እርሻ ነበረው። ፖላንድ ውስጥ ቆሞ የሚገኘው በ1897 የገዛው የኮንሽና ዶልና ቤት ነው።

መድረሱ ቀላል አይደለም። ከክራኮቭ ታርኖቭ፣ ከታርኖቭ በትንሽ የገጠር ባቡር ቦጎኒዮቪትሴ። ጊዜ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አውቶቡስ አልመጣም፤ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ስለሆነ ቀንሰውታል ይላሉ። በእግር ጀመርኩ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ አስፋልቱ ግን ደህና፤ ኮረብታው ለምለም፣ ቤቶቹ በአበባ የታጠሩ። በርሊን ሜዳ ስለሆነች ዳገት ናፍቆኝ ነበር፤ ፀሐዩ ግን ከበደኝ። እንጆሪ በሳጥን የጫኑ ባልና ሚስት መኪና አቁመው «ፓዴሬቭስኪ?» አሉኝ። እዚያ መንገድ ላይ የሚሄድ ባዕድ ሌላ ጉዳይ እንደማይኖረው ያውቃሉ። በር ድረስ አደረሱኝ። ገንዘብ ሳወጣ ሴትየዋ እጄን መልሳ አንድ ላስቲክ እንጆሪ ጨመረችበት።

ቤቱ ነጭ ነው፤ ከፊቱ ዓምድ ያለው በረንዳ፣ ዙሪያውን ትልልቅ ዛፎች፣ ከታች ኩሬ። ትልቅ ቤተ መንግሥት አይደለም። አስጎብኚዋ ወጣት ሴት ነች፤ ከኔ በቀር ጎብኚ ስላልነበረ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። እርሻውን ለማዘመን ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ፤ እሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ኮንሰርት ላይ ነው፤ እርሻው አከሰረው፤ በ1903 ሸጠው። ሁለተኛ ሚስቱን ሄለና ጉርስካን ያገባው በነዚያ ዓመታት፣ በ1899 ነው። ክፍሎቹ ውስጥ ደብዳቤዎች፣ ፎቶዎች፣ የኮንሰርት ማስታወቂያዎች አሉ። ሳሎኑ ውስጥ ፒያኖ አለ፤ መንካት አይፈቀድም።

ከጎን ካለው አዳራሽ ሌላ ፒያኖ ይሰማ ነበር። ለኮንሰርት የምትለማመድ ተማሪ ነች፤ አስጎብኚዋ በሩን ገርበብ አድርጋ አስገባችኝ። የምትጫወተው የፓዴሬቭስኪን ኖክተርን፣ የሌሊት ስሜት ያለው ለስላሳ ድርሰት፣ ነው፤ በቢ ፍላት ሜጀር፣ ኦፐስ 16 ቁጥር 4። እንዲህ ያለ ድርሰት ቀላል ይመስላል፤ ኖታው ብዙ አይደለም። ችግሩ ዜማው እንደ ሰው ድምፅ እንዲተነፍስ ማድረግ ላይ ነው። ልጅቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። የቀኝ እጇ አምስተኛ ጣት ዜማውን መያዝ አለበት፣ የተቀሩት ጣቶች በዚያው እጅ ውስጡን በለስላሳ መሙላት አለባቸው። ደጋገመችው። መጀመሪያ ሁሉም እኩል ይጮኽ ነበር። ከዚያ የእጅ አንጓዋን ትንሽ ወደ ውጭ አዘነበለች፣ ክብደቱን ወደ ትንሿ ጣት አሳለፈች፤ ዜማው ለብቻው ወጣ። እርሳሷን አንስታ ኖታው ላይ ምልክት አደረገችና ከመጀመሪያው ጀመረች። ስጨርስ አያለሁ ብዬ የነበረውን ኩሬ ትቼ እዚያው ተቀመጥኩ። ከፖዝናን ጀምሮ ስፈልገው የነበረው ሰው ይኼ ነው፤ ከትሮምቦን አምልጦ፣ በሃያ አራት ዓመቱ ቼርኒን እንደ አዲስ የጀመረው።

መመለሻው ላይ አስጎብኚዋ ሥራዋን ስትጨርስ ወደ ጣቢያ በመኪናዋ ወሰደችኝ። በመንገድ ላይ ቼንሽኮቪትሴ ያለውን የድንጋይ ከተማ የሚሉትን አሳየችኝ፤ ፎቅ የሚያህሉ አሸዋማ ቋጥኞች ዛፍ መሃል ቆመዋል። ቀኑ ቢረዝምልኝ እዚያም እገባ ነበር። የሚሄድ ሰው ቼንሽኮቪትሴ ማደር አለበት፤ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ማድከም ነው።

ረቡዕ፦ ክራኮቭ

ረቡዕ ወደ በርሊን ከመሳፈሬ በፊት ባለቤትየዋ ቅቤ የሌለው የባክዊት ገንፎና የቀይ ሥር ሰላጣ ሠሩልኝ፤ ዓርብና ረቡዕ እንደምጾም ማታ ነግሬያቸው ነበር። ክራኮቭ የፖላንድ ትልቁ የሙዚቃ ማተሚያ ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ ያ የያሬዱ ኖታችንም የታተመው እዚህ ነው። የኖክተርኑን ኖታ 32 ዝሎቲ ገዛሁ። ሻጩ ፒያኒስት ኖሮ አንዱን ገጽ ገልጦ የጣት አደራረጉን በእርሳስ አስተካክሎ ሰጠኝ፤ አራተኛውን ጣት በሦስተኛው ቀይሮ። ባቡር ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ሞከርኩት፤ ልክ ነው።

አሁን ከተማሪዎቼ ሁለቱ ይህን ኖክተርን ጀምረዋል። አንደኛው በአሥራ ሦስት ዓመቱ የመጣ ነው፤ አምስተኛ ጣቱ ገና አልጠናለትም፤ በሳምንት ሁለት ቀን እንሠራበታለን።